የሚስቱ ገንዳ

ሰው በሚስቱ ቀና ሲባል ሌላ ወንድ ዓይኑን ጣለባት ማለት ነው። የሙራሴ ቴይዞ ቅናት ግን እንዲያ አልነበረም። ሚስቱን ኩኒኮን ማንም በክፉ ዓይን አላያትም፤ ቢያያትም ቴይዞ ልብ አይለውም ነበር። እሱን ያንገበገበው ሚስቱ ያገኘችው ነገር ነው፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲመኘው ኖሮ ያጣው፣ እሷ ግን ሳትመኘው እጇ የገባላት።

ነገሩ የወርቅ ዓሣ ነው። የማያውቅ ሰው ይስቅ ይሆናል፤ ይሳቅ። ያቶሚ በምትባለው የጃፓን ከተማ ግን በወርቅ ዓሣ ምክንያት ወዳጅ ከወዳጁ ተኮራርፏል፣ ወንድማማች ተካሷል፣ ያለቀለት ጋብቻም ፈርሷል። ቴይዞ የሚያረባው ራንቹ የሚባለውን ዝርያ ነው፤ ጀርባው ላይ ክንፍ የሌለው፣ አናቱ ላይ ጉብጉብ ያለ ሥጋ የሚያወጣ፣ ጭራው ለሁለት ተከፍሎ ከላይ ሲያዩት ግራና ቀኝ የሚዘረጋ። በየዓመቱ መኸር ላይ የአርቢዎቹ ማኅበር አባላት ዓሣቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ። ዓሣው ነጭ ሳፋ ውስጥ ይደረግና ዳኞቹ ጎንበስ ብለው ከላይ ያዩታል። የማን እንደሆነ አይነገርም፤ ስም የሚጠራው ሁሉም ሳፋ ደረጃውን ይዞ ከተደረደረ በኋላ ነው። ደረጃው እንደ ሱሞ ታጋዮች ነው። ከሁሉ በላይ ያለው የምሥራቅ ኦዜኪ ይባላል፣ ቀጥሎ የምዕራብ ኦዜኪ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው እንግዲህ የቀረው ነው። ቴይዞ ምዕራቡን አንድ ጊዜ አግኝቶታል። ምዕራብ ማግኘት ምንም ካለማግኘት ይብሳል፤ ያገኘህ ሁሉ «ጥቂት ነው የቀረህ» እያለ ዕድሜ ልክህን ሲያጽናናህ ይኖራል።

በማኅበሩ ሕግ አንድ አባል በዚያ ዓመት ከተፈለፈሉት ውስጥ ማቅረብ የሚችለው ሁለት ዓሣ ብቻ ነው። ለዚህም ባሎች ሁሉ መላ አላቸው፤ ሚስታቸውን አባል ያደርጉና በስሟ ሁለት ይጨምራሉ። ሕጉ ዓሣውን ያሳደገው አቅራቢው ራሱ መሆን አለበት ይላል፤ ግን በአንድ ቤት ውስጥ ማን የቱን እንዳሳደገ ማን ይጠይቃል? ቴይዞም ባለፈው ዓመት እንደዚሁ አደረገ። ምርጥ ምርጡን በራሱ ስም፣ ትርፍራፊውን በኩኒኮ ስም አስገባ። ከትርፍራፊው አንዱ፣ ቴይዞ በሐምሌ ሙቀት መረቡን አንሥቶ ሊጥለው ሲል ኩኒኮ «እሱንስ ተውልኝ፣ አዋኘቱ ደስ ይለኛል» ብላ ያስጣለችው ዓሣ ነበር።

ያ ዓሣ የምሥራቅ ኦዜኪ ሆነ።

«ሙራሴ ኩኒኮ!» ተብሎ ከቤተሰብ ስማቸው ጋር ሲጠራ ቴይዞ አጨበጨበ። ምን ያድርግ? አጨበጨበ፣ ፈገግ አለ፣ እንኳን ደስ አለህ ላለው ሁሉ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ።

«ዕድል ነው» አላት በመኪና ሲመለሱ።

«አዎ፣ ዕድል ነው» አለች ኩኒኮ።

ብትከራከረው ይሻለው ነበር። ለክርክር ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ከንቱ ቀረ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የቤቱ በር እንግዳ በዛበት። የማኅበሩ ሊቀመንበር አዛውንቱ ኡቡካታ፣ ስንት ዘመን ቴይዞን በአንገቱ ብቻ ሰላም ሲለው የኖረ ሰው፣ ከጓሮው የለቀመውን ካኪ ፍሬ ታቅፎ ራሱ መጣ።

«ኩኒኮ ሳን፣ እስቲ ገንዳዎን ልይ» አለ፣ በአክብሮት «ሳን» ብሎ ጠርቷት።

ገንዳዎን! ሲሚንቶውን ያቦካው ቴይዞ፣ ውሃ ልኩን የጠበቀው ቴይዞ፣ ወገቡ የተቆረጠው ቴይዞ። ኩኒኮ እንግዳውን እየመራች ወደ ጓሮ ስትሄድ እሱ ካኪውን ይዞ በር ላይ ቀረ። አንዱን ነከሰው፤ ገና አልበሰለም ነበር።

ብርዱ ሲያልፍ ኩኒኮ «ከገንዳዎቹ አንዱን ለእኔ ትለቅልኛለህ?» ብላ ጠየቀችው። እምቢ ቢል ቀናተኛ ሊባል ነው። እሺ አለና ዕቃ ቤቱ ጥግ ያለውን፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያጠላበትን ሰጣት። እሷ አመሰገነችውና ጥላው ጥሩ ነው አለች። ይሄ ደግሞ ሌላ ብስጭት ሆነበት።

በዚያው ሰሞን ናጊራ ሺሆ የምትባል ተመራማሪ መጣች። እንስሳት አዲስ መልክ፣ አዲስ አካል ከየት እንደሚያመጡ የምታጠና ወጣት ናት። የጎማ ቦቲ አድርጋ፣ ፀጉሯን በላስቲክ አስራ፣ ገንዳ ዳር እንደ ቤቷ ተንበረከከች። የመጣችው የኩኒኮን ኦዜኪ ለማየትና ዘሩ ሲፈለፈል ከጫጩቶቹ ጥቂት ለመውሰድ ነው። ቴይዞ ማንም ሳይጠራው መጥቶ አጠገባቸው ቆመ።

«ሙራሴ ሳን፣ እነዚህ ዓሦች ጭራቸው ለምን ሁለት እንደሆነ ያውቃሉ?» አለችው ቀና ብላ።

«አባቶቻችን መርጠው ነዋ።»

«መምረጡንማ መርጠዋል። ግን የሚመረጠው ነገር መጀመሪያ መምጣት አለበት። ከየት መጣ?»

ቴይዞ ውሃው ላይ የሌለ ቅጠል ፈለገ።

«በጣም በጥንት ዘመን» አለች ሺሆ፣ «የእነዚህ ዓሦች ቅድመ አያት የዘር መመሪያው በሙሉ እጥፍ ሆነ። እያንዳንዱ ጂን ሁለት ሁለት ቅጂ አገኘ ማለት ነው። እንቁላል ውስጥ ያለው ጽንስ ጀርባዬ በየት በኩል፣ ሆዴ በየት በኩል ብሎ የሚለይበት አንድ ጂን አለ። ቅጂው አንድ ብቻ የሆነ ዓሣ ያ ጂን ከተበላሸበት ጫጩቱ ይሞታል፣ አለቀ። የወርቅ ዓሣ ግን ሁለት ስላለው አንዱ ቢበላሽም ሌላው ሥራውን ይዞ ይቀጥላል። ጫጩቱ ይተርፋል። ይተርፋል፤ ግን ከሥር ጭራ የሚሆነው ቆዳ አንድ ሆኖ መውጣት ሲገባው ለሁለት ይከፈላል። በቃ ይኸው ነው። ሲጀመር ብልሽት ነበር፤ ሰው አየው፣ ወደደው፣ አኖረው።»

ኩኒኮ ሳቀች። «እንደ ባልና ሚስት ነው በይኛ! አንዱ ሲበላሽ አንዱ ቤቱን ይዞ ይቀጥላል።»

«የተበላሸው ማን መሆኑ ነው?» አለ ቴይዞ።

«ስለ ዓሣ ነው የምናወራው፣ አንተ ሰውዬ።»

«እኔም ስለ ዓሣ ነው የጠየቅሁት።» ወደ ሺሆ ዞረ። «ስለዚህ ነገሩ ያለው ዘሩ ላይ ነው?»

«ጭራው ሁለት መሆኑ፣ አዎ፣ ዘሩ ላይ ነው። ግን ያ የተበላሸ ጂን እዚህ ያሉት ዓሦች ሁሉ ጋ አለ፤ የእርስዎም ጋ፣ የኩኒኮ ሳንም ጋ። ጭራው ምን ያህል ይዘረጋል፣ ሥሩ ምን ያህል ይጠነክራል የሚለው ሌላ ነገር ነው። ሌሎች ጂኖች ይኖሩበታል፤ ደግሞም የውሃው ሙቀት አለ፣ የገንዳው መጨናነቅ አለ፣ ምግቡ አለ፣ መቼ እንደተለዩ አለ። ሰውነት እኮ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም። በየቀኑ ነው የሚሠራው።»

ይህን ሁሉ ስትናገር ቴይዞ የሰማው «ዘሩ ላይ ነው» እስከሚለው ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ። ካለፈው መኸር ጀምሮ ሲያስብ የኖረውን የተማረ ሰው አረጋገጠለት፤ የኩኒኮ ዕድል ዓይኗ አይደለም፣ እጇም አይደለም፣ የዚያ የአንድ ዓሣ ዘር ነው። ዘሩ ያለው ሰው ሁሉ ይችለዋል። ሕፃን ልጅም ይችለዋል።

አሁን አንድ ነገር ማለት ይገባል። ቴይዞ ሚስቱን «ከኦዜኪሽ ዘር አካፍይኝ» ቢላት ታካፍለው ነበር። ሙሉውን ውሰድ ልትለውም ትችል ነበር። ይህን እሱም ያውቃል። ግን መጠየቅ ማለት አንቺ ዘንድ ያለው እኔ ዘንድ የለም ማለት ነው፤ ይህን ከሚል ምላሱ ቢቆረጥ መረጠ።

ሚያዝያ ላይ ውሃው ሞቅ ሲል የሁለቱም ዓሦች በአንድ ማለዳ እንቁላላቸውን ጣሉ። እንቁላሉ ለዚሁ ተብሎ ገንዳው ውስጥ በተንሳፈፈው የዘንባባ ቃጫ እስር ላይ ጤዛ መስሎ ተጣብቆ ነበር። የቴይዞ ገንዳ ውስጥ የእሱ ምርጥ ጥንዶች እንቁላል፤ በኩኒኮ ገንዳ ውስጥ ከኦዜኪው ጋር የተጣመረችው ሴት እንቁላል። ኩኒኮ ለጥርሷ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራትና ብስክሌቷን ይዛ ወጣች። ቴይዞ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ የእሷን እስር አወጣና ወደ እሱ ገንዳ ከተተው፤ የእሱን አወጣና ወደ እሷ ገንዳ ከተተው። ኩኒኮ ጉንጯ አብጦ ተመለሰችና «እንዴት ናቸው?» አለችው።

«የቱ?» አለ።

«እንቁላሎቹ ነዋ።»

«ምን ይሆናሉ? እንቁላል ናቸው።»

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ለቴይዞ የደስታ ጊዜ ነበር። ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ፤ መጀመሪያ ከዓይን በቀር ምንም አይደሉም፣ ቀጥሎ ሆድ አወጡ፣ ቀጥሎ ጭራ። ራንቹ ማርባት ማለት መጣል ማለት ነው። ከተፈለፈለው ሁሉ የሚቀረው እፍኝ አይሞላም። ጭራው ያልተከፈለ፣ ያጋደለ፣ ጀርባው ላይ የክንፍ ርዝራዥ የቀረበት፣ ሁሉም በነጭ ሳፋ ውስጥ እየታየ ይለያል። ባልና ሚስት ጀርባ ለጀርባ ትንንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በየፊናቸው ይለቅማሉ። ቴይዞ እጁ ፈጣን ነው፤ ጭራውን ባየ ቅጽበት ይፈርዳል። ኩኒኮ ግን ሳፋው ላይ አጎንብሳ ዝም ትላለች። ውሃው እስኪረጋ ትጠብቃለች፤ ዓሣው ሰው መኖሩን እስኪረሳ ትጠብቃለች።

«ተኛሽ እንዴ?» ይላታል።

«እየዋኘ ነው» ትለዋለች።

«ዓሣ አይደል? ምን ያድርግ፣ ይራመድ?»

«ሁሉም አንድ ዓይነት አይዋኙም እኮ። ያኛው ሲዞር ጭራውን አጥፎ ነው። ይሄኛው ሳያጥፍ ነው የሚዞረው።»

«እስክትጨርሺ ያረጃሉ።»

ሆዱ ውስጥ ግን ይስቃል። ያንን ሁሉ ትዕግሥት የምታፈሰው እሱ በለወጠው ዘር ላይ ነዋ! ጠብቂ፣ እመቤቴ፣ ጠብቂ ይላል በልቡ። የኦዜኪው ልጆች እሱ ገንዳ ውስጥ ናቸው። በትል አጠገባቸው፣ በፍርፋሪ አጠገባቸው፤ ማንንም ላለመጣል ሳሳና ገንዳው እስኪጨናነቅ አኖራቸው። የኦዜኪ ልጅ እንዴት ይጣላል?

ሰኔ ላይ ሺሆ ተመልሳ መጣች። ከኩኒኮ ገንዳ ጥቂት ጫጩቶች አውጥታ ከጭራቸው ጫፍ ጥፍር የማታህል ቁራጭ እየቆረጠች በትንንሽ ብልቃጥ ከተተች። ቴይዞ በሩቁ ቆሞ ያያል፤ ሙቀቱ ሳይሆን ሌላ ነገር አላበው።

«ያ ምንድን ነው?» አላት፣ ነገሩን እንደ ዋዛ ለማስመሰል።

«ዘራቸውን ለማየት ነው። ከአባታቸው ጋር አስተያያለሁ።»

«ለምን ያስተያዩታል? ልጆቹ ናቸው እኮ።»

«ሥራ ነው፣ ሙራሴ ሳን» አለች እየሳቀች።

ሦስት ሳምንት ያህል ቴይዞ ምግብ አልበላ አለው። በጨው የኮመጠጠ ፍጅል እንኳ፣ ያ የሚወደው፣ እንደ ገለባ ሆነበት። ሐምሌ ላይ ስልኩ ጮኸ። ኩኒኮ አነሣችው፣ «አዎ፣ ናጊራ ሳን» አለች፣ ከዚያ የሚነገራትን አዳመጠች። በመጨረሻ «ገባኝ። አመሰግናለሁ» ብላ ዘጋች። ቴይዞ ጋዜጣ ገልጦ ፊቱን ሸፍኖ ነበር።

«ምን አለች?»

«ዓሦቹ ጤነኛ ናቸው አለች።»

እፎይ አለ። ኩኒኮ ወደ ጓሮ ወጣች። እሱ በመስኮት ሲያይ የሄደችው ወደ ራሷ ገንዳ ሳይሆን ወደ እሱ ገንዳ ነው። ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየች። ስትመለስ ፊቷ ልክ እንደ ሁልጊዜው ነበር።

«ምግብ አታብዛባቸው» አለችው። «ጭራቸው ገና ነው፤ ሆዳቸው ሲከብድ ይጎትተዋል። ደግሞ ተጨናንቀዋል፣ ግማሹን ብታወጣ ጥሩ ነው።»

«ለዓሣዬ አንቺ ታስቢለታለሽ?»

«ቢታሰብላቸው ምን ክፋት አለው?»

አንድ ጊዜ ያሸነፈች ሰው መምህር ሆነች ብሎ ተቃጠለ። በዚያ ቀን ከሌላው ጊዜ ይልቅ አብዝቶ መገባቸው።

ነሐሴ አልፎ መስከረም ሲጠባ ነገሩ ለማንም ዓይን ግልጽ ሆነ። የቴይዞ ዓሦች ትልልቅ ነበሩ፣ አናታቸው አብቦ ነበር፣ ጭራቸው ግን ወድቋል፤ ሲዋኙ እርጥብ ጨርቅ የሚጎትቱ ይመስላሉ። የኦዜኪው ልጆች! ደሙን አምጥቶ፣ ትሉን አጉርሶ፣ ይኸው። በኩኒኮ ገንዳ ውስጥ ግን አንዱ፣ ቀይ ሆኖ ጉንጮቹ የነጡ፣ ጭራው ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ሲዞር የማያጥፍ፣ ሲቆም እንኳ የሚያምር ዓሣ ነበር። ቴይዞ ገንዳው ዳር ቆሞ አየው። ከዓመት ዓመት ሲመኘው የኖረው ዓሣ ያ ነው። ከእሱ ጥንዶች፣ ከእሱ ዘር፣ እሱ አይረባም ብሎ ገንዳዋ ውስጥ ከከተተው እንቁላል ወጥቶ በሚስቱ ገንዳ ውስጥ ይዋኛል።

ሰው በሌላ ሰው ሀብት ይቀናል። የገዛ ሀብቱን በሌላ ሰው እጅ ሲያየው የሚሰማው ቅናት ግን ስም ያለው አይመስለኝም። ቴይዞ ያን ዓሣ ባየ ቁጥር «የእኔ እኮ ነው» ሊል አፉን ይከፍታል፤ የእኔ ነው ካለ ደግሞ እንዴት ሲሉት ምን ሊል ነው? መልሶ ይዘጋል። በዚያ መኸር ቴይዞ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ያየው ሰው ሁሉ የሱ ነገር ከዓሣ አልተለየም ብሎ ቀልዷል።

የውድድሩ ቀን ማለዳ ቴይዞ መኪናውን የሚያቆምበት ቦታ ፍለጋ ሲዞር ቆየና ዓሦቹን ማስመዝገቡ ለኩኒኮ ቀረ። የራሱን ሁለት ዓሦች ውሃ በተሞላ ከረጢት ለይቶ ሰጥቷታል። ተመልሶ ሲመጣ ሳፋዎቹ ተደርድረዋል፤ ዳኞቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከሳፋ ወደ ሳፋ ይላሉ። ቴይዞ ዓሦቹን ፈለገ። አንዱን ከታች፣ ለይሉኝታ ያህል ደረጃ ከሚሰጣቸው መካከል አገኘው። ሁለተኛውን ጨርሶ አጣው። ገና ከመግቢያው ጥለውት ይሆናል ብሎ አሰበና ፊቱ እሳት ሆነ።

ከዚያ ሳፋዎቹን ወደ ላይ መውሰድ ጀመሩ። የምዕራብ ኦዜኪው ቦታ ላይ የአንድ የማያውቀው ሰው ዓሣ ተቀመጠ። የምሥራቁ ቦታ ባዶ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ሳፋ ግራና ቀኝ ይዘው፣ ውሃው እንዳይናወጥ እግራቸውን እየለኩ መጡ። ቴይዞ ውስጡን ሳያይ አወቀ። ካየም በኋላ ያው ነው፤ ቀይ፣ ጉንጮቹ የነጡ።

አዛውንቱ ኡቡካታ ጉሮሮውን ጠረገ። ኩኒኮ እጆቿን አቆላልፋ፣ አንገቷን ሰገግ አድርጋ፣ ሳፋውን ትታ ቴይዞን ታያለች። ፊቷ ላይ ፈገግታ አለ። በእኔ ላይ መሳለቋ ነው አለ ቴይዞ በልቡ። በዓመቱ ደግማ ልትወስደው፣ በእኔው ዓሣ ልትወስደው፣ ከዚያም አልፋ ፊቴን እያየች ልትስቅ!

«የምሥራቅ ኦዜኪ...» አለ ኡቡካታ።

«የእኔ ነው!» ብሎ ጮኸ ቴይዞ።

ሰው ሁሉ ዞረ።

«ሙራሴ ሳን፣ ምን ሆኑ? ስም ገና አልጠራሁም እኮ።»

«ስም መጥራት ምን ያደርጋል? ከእሷ ገንዳ የወጣ ነው፣ አውቀዋለሁ! ግን ዘሩ የእኔ ነው! እንቁላሉ የእኔ ዓሦች እንቁላል ነው፤ ሚያዝያ ላይ በገዛ እጄ ነው የቀያየርኩት! ማሳደጉን እሷ አሳደገችው እንጂ ደሙ...»

እዚህ ሲደርስ የገዛ ድምፁን ሰማው።

ከኋላ አንድ ሰው «ታዲያ የእሷን ዘር ወስደህ ምን ሠራህበት?» አለ። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ቀጥሎ ሁሉም። ኡቡካታ ብቻ አልሳቀም። ኩኒኮም አልሳቀችም፤ ፈገግታዋ ከፊቷ ጠፍቶ ነበር።

«ኡቡካታ ሳን» አለች ቀስ ብላ፣ «ያ ዓሣ የገባው በእሱ ስም ነው።»

ሳቁ ተቋረጠ። ቴይዞ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው፣ ኡቡካታ ሊጠራው የነበረው ስም የራሱ የቴይዞ ነበር። አዛውንቱ ኡቡካታ መነጽሩን አውልቆ በእጀ ጠባቡ ጫፍ ወለወለው፤ ለመወልወል ከሚያስፈልገው በላይ ቆየበት።

«ሙራሴ ሳን» አለ በመጨረሻ፣ «ሕጉን ያውቁታል። ማንም ባይናገር ማንም አይጠይቅም ነበር። አሁን ግን ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ መጠየቅ አለብኝ። ይህን ዓሣ ያሳደጉት እርስዎ ነዎት?»

ቴይዞ ዙሪያውን አየ። ዓሣውን አየ። ዓሣው ምንም እንዳልተፈጠረ ተዘርግቶ ዞረ።

«አይደለሁም» አለ።

ሁለቱ ሰዎች ሳፋውን አነሡትና እግራቸውን እየለኩ መልሰው ወሰዱት። የምዕራቡ ሳፋ ወደ ምሥራቅ ተዛወረ። የማያውቀው ሰው ስም ተጠራ፤ ሰውየው ደስ ይበለው ይዘን ሳያውቅ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። ቴይዞ አጨበጨበ፤ በዚህ ማንም አይችለውም።

ሲመለሱ የሩዝ ማሳዎቹ ታጭደው መሬቱ ባዶ ነበር። ዓሣው በከረጢቱ ውስጥ ኩኒኮ ጭን ላይ ነበር።

«ታውቂ ነበር?» አለ ቴይዞ።

«ሺሆ ነግራኛለች። ሐምሌ ላይ።»

«ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንተ እስክትነግረኝ።»

መንገዱ ላይ ቀይ መብራት ያዛቸው። ከኋላ የቆመው መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ነው መብራቱ መለወጡን ያየው።

«ቀንቼብሽ ነው» አለ። ይህን ቃል በዕድሜው ሲናገረው ይኸ የመጀመሪያው ነበር፤ ከአፉ ሲወጣ እንደ እሾህ ነው።

«ይኸ ምስጢር መሰለህ? የጎረቤት ድመት እንኳ ታውቃለች።» ድምፅዋ ቁጣ ነበረበት። «ተናድጄብሃለሁ፣ ቴይዞ። ሐምሌ ላይ ተናደድኩ፣ አሁንም እንደተናደድኩ ነው። እዚያ ገንዳ ውስጥ ያበላሸሃቸው የእኔ ነበሩ። አብረን ተቀምጠን ስንለቅም ጀርባህን አይቼ ዛሬስ በዚህ ሳፋ ልበለው ያልኩበት ቀን ነበር።»

«ታዲያ ለምን ከዓሦቼ አንዱን አስቀርተሽ ይህን በስሜ አስገባሽው?»

ኩኒኮ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ዓሣ አየች።

«ዘሩ ያንተ ነዋ። ደግሞ እንደሚያሸንፍ አውቄያለሁ። ስምህን ሲጠሩት ፊትህ ምን እንደሚሆን ማየት ፈለግሁ። ስንት ዘመን አብሬህ ስኖር ያንን ፊትህን አይቼው አላውቅም።» ከረጢቱን አስተካክላ አቀፈችው። «ሊጠሩት እኮ ነበር። ኡቡካታ አፉን ከፍቶ ነበር። ትንሽ መቆየት አቃተህ?»

ቴይዞ መሪውን ጨብጦ ፊት ለፊቱን አየ። እሱ በእሷ ቦታ ቢሆን ኖሮ ዓሣውን በእሷ ስም እንደማያስገባው ያውቃል፤ ሐሳቡም ጨርሶ አይመጣለትም ነበር። እሷ ግን ሐምሌን ሙሉ፣ ነሐሴን ሙሉ፣ ተናድዳም ቢሆን፣ ይህን ልታደርግለት ዓሣውን ስታሳድግ ቆይታለች። ዓይኑ ውሃ ሞላ።

በዚህም ቀናባት።